ደረቴ እስኪሞቅ

ባለፈው ሐምሌ እናቴ ቴክሳስ፣ ዋይሊ ያለውን ቤታችንን ሸጣ ማኪኒ ወደምትባል ከተማ ልትገባ ስትል ጋራዡን የማጽዳቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ከገና ዛፉ ካርቶን ጀርባ አራት ነጭ ባልዲዎች አገኘሁ፤ ክዳናቸው ላይ በጥቁር ማርከር «ስንዴ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። አንዱን ፈልቅቄ ስከፍተው ደረቅ፣ አቧራ አቧራ የሚል፣ ከሥሩ ግን ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ሽታ ወጣ። የጋራዡ ሙቀት ሰው ያፍናል። ቢሆንም ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ እጄን እስከ ክርኔ እህሉ ውስጥ ከተትኩት።

የብራዘር ሆሊስ ስንዴ ነው። ያን ስንዴ ከእሳቸው ጋር የፈጨሁት በፈረንጆቹ 2008፣ በምርጫው ዓመት፣ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነበር።

ያኔ ቤታችን ውስጥ አራት ሰዎች ሦስት ሃይማኖት ይዘን እንኖር ነበር። አባቴ መኮንን ደስታ ኦርቶዶክስ ነው፤ ዳላስ ታክሲ ይነዳል። እናቴ ተዋበች ይማም ሞርሞን ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የእናቴ ታላቅ እህት አክስቴ ዘሃራ ሙስሊም ናት፤ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። ሁለቱ እህትማማቾች ወሎ ነው ያደጉት፤ በእነሱ ቤት አንዱ ልጅ መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ማንንም አያስደንቅም ነበር። እናቴ ሞርሞን የሆነችው አፓርታማ ስንኖር ነው። ክራባት ያሰሩ ሁለት ወጣት ሚስዮናውያን ሶፋችንን ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አወጡላትና በዚያው ትምህርታቸውን መስማት ጀመረች። አባቴ ሊያበሽቃት ሲፈልግ «አንቺን ያጠመቀሽ ሶፋው ነው» ይላታል።

ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ሰው ሁሉ «ብራዘር» ወይም «ሲስተር» ተብሎ በመጨረሻ ስሙ ይጠራል። እናቴ በአባቷ ስም ሲስተር ይማም ሆነች፤ አባቴ አልፎ አልፎ ሲመጣ ብራዘር ደስታ ይሉታል፤ እኔ ደግሞ ሊያ መኮንን ነኝ። ሦስት ስም ሲያዩ አባቴና እናቴ ስለመጋባታቸው የተጠራጠሩ አሮጊቶች እንደነበሩ በኋላ ሰምቻለሁ። እኔ ግን «ብራዘር ደስታ» ሲሉ አያቴን የሚጠሩ ነበር የሚመስለኝ። ቀድሞ የሞተ ሰው በየሳምንቱ ቀረ ተብሎ መጠየቁ ደስ አይለኝም ነበር።

ያ መስከረም ረመዳን ነበር። አክስቴ ዘሃራ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ እንኳ አትቀምስም። አባቴ ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተት አይነካም። እናቴ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት ጊዜ ምግብ ትዘላለች። እኔ ነገሩን የቤተሰብ ውድድር አድርጌ ይዤው ነበር፤ አክስቴ በብዙ ትመራለች፣ አባቴ ዓሣ ሲበላ ስላየሁት ነጥብ ቀንሼበታለሁ። ለእናቴ አዝንላት ነበር፤ ሃይማኖቷ ቡናም ከልክሏት እንኳ መጨረሻ ነው የምትወጣው።

ብራዘር ሆሊስ የቤት አስተማሪያችን ነበሩ። በሞርሞኖች ዘንድ እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር አንድ ጊዜ መጥቶ የሚጠይቀው ሰው ይመደብለታል፤ ለእኛ የደረሱን እሳቸው ናቸው። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤሲ ሲጠግኑ የኖሩ የቴክሳስ ሽማግሌ ናቸው። በወር አንዴ የታዘዙት ሰውዬ በሳምንት ሁለቴ ይመጡ ነበር። የአባቴን መኪና ሲበላሽ አይተውለታል፣ የእናቴን እቃ ማጠቢያ ጠግነዋል፣ አክስቴ ዘሃራን ለመንጃ ፈቃድ አለማምደው አሳልፈዋታል።

ሞርሞኖች ለክፉ ቀን እህል ያስቀምጣሉ፤ ስንዴው የዚያ ነው። እናቴ ትእዛዙን ስትሰማ አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ ሽሮ፣ በሶና ቋንጣ አስቀመጠች። ብራዘር ሆሊስ ሣጥኑን ከፍተው አስነጠሱና «ሲስተር ይማም፣ ክፉው ቀን ሲመጣ እኔ እናንተ ጋ ነኝ» አሏት። ቢሆንም ስንዴም ያስፈልጋል ብለው ባልዲ በባልዲ አመጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ጋራዥ እየወሰዱኝ በእጅ በሚዞር ወፍጮ እንፈጫለን። የወፍጮው እጀታ ለእኔ ይከብዳል፤ እስከ ሃምሳ እቆጥርና እሳቸው ይቀበሉኛል። ዱቄቱ ቅንድባቸው ላይ ሲያርፍ ይበልጥ ያረጃሉ።

እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው እውነት እንዴት እንደሚታወቅ የነገሩኝ። በኅዳር ስምንት ዓመት ሲሞላኝ በእሳቸው እጅ የምጠመቅ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያኗ እውነተኛ መሆኗን ራሴ ማወቅ አለብኝ።

«እንዴት ነው የሚታወቀው?» አልኳቸው።

«ትጠይቂያለሽ። በመጀመሪያ በራስሽ ታስቢበታለሽ፣ ከዚያ ትጸልያለሽ። እውነት ከሆነ ደረትሽ ይሞቃል።»

እኔ የያዝኩት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁሉም ነገር ላይ ደረቴን እጠይቃለሁ። ላጲሴን የወሰደው ማን ነው? ፍሪዘር ውስጥ ያለው ዶሮ አክስቴ የምትበላው ዓይነት ነው ወይስ አይደለም? ደረቴ አይሞቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ የአባቴን አዋዜ ሰርቄ ከቀመስኩ በኋላ በደንብ ሞቀኝ፤ በዚያ ሰዓት የጸለይኩት ላጲሱን ወሰደች ብዬ ስለጠረጠርኳት ልጅ ስለነበር በማግስቱ ሄጄ ሌባ አልኳት። ላጲሱ ከቦርሳዬ ሥር ተገኘ። ለብራዘር ሆሊስ አልነገርኳቸውም። እሳቸው የሚሞቃቸው፣ እኔ ግን የማይሞቀኝ ጉድለት ያለብኝ ልጅ መስዬ ፈራሁ።

ጥቅምት ላይ የሰፈሩ ሣር ሁሉ የእጩዎች ስም ያለበት ሰሌዳ ተተከለበት። አባቴ ዜጋ ከሆነ ገና ዓመቱ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጥ ነው፤ ታክሲው ውስጥ ሬዲዮው አይዘጋም። ጥቁሩን እጩ እንደሚመርጥ የማያውቅ ተሳፋሪ የለም። የብራዘር ሆሊስ ደጅ ላይ የተተከለው የሌላኛው ነው። የጉባኤያችን መሪ ቢሾፑ አንድ እሑድ ከበላይ የመጣ ደብዳቤ አነበቡልን፤ ቤተ ክርስቲያኗ ይሄን ምረጡ ያን አትምረጡ አትልም፣ እያንዳንዱ ሰው መርምሮ ራሱ ይወስን የሚል ነበር። ብራዘር ሆሊስ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውማ መርምረው ጨርሰዋል አልኩ በልቤ።

በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ዕለት ስንዴ እየፈጨን ሳለ ያ ጥቁር እጩ ሙስሊም እንደሆነ፣ ግን እንደሚደብቀው ነገሩኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ኢሜይል ደርሶኛል። ጸልዬበታለሁም። እዚህ ጋ ይሰማኛል» አሉና በዱቄታም እጃቸው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። ሰማያዊ ሸሚዛቸው ላይ ነጭ የእጅ ምልክት ቀረ።

እኔ ደስ አለኝ። ሙስሊም ማለት ለእኔ አክስቴ ዘሃራ ናት፤ ከኤርፖርት ተሳፋሪ የሰጣትን ብስኩት ሳትበላ የምታመጣልኝ። ሰውየው ለምን እንደሚደብቀን ብቻ አልገባኝም።

የኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው ዋለ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሰባኪ የለም፤ ሕዝቡ ጾሞ ይመጣና የፈለገ ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ ወደ ማይክራፎኑ ወጥቶ «አውቃለሁ» እያለ ይመሰክራል። አባቴ ያን ቀን ሱፉን ለብሶ አብሮን መጣ። የመጣበት ምክንያት ፍሪጁ ላይ በማግኔት የተለጠፈው ወረቀት ነው። እኔን ለማጥመቅ የአባትም የእናትም ፊርማ ያስፈልጋል፤ እናቴ ፈርማለች፣ የእሱ መስመር ባዶ ነው። «ልጄ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃለች። ስንት ጊዜ ነው የምትጠመቀው?» ሲል ከርሞ፣ በመጨረሻ መጥቶ አይቶ ሊወስን ተስማማ። እናቴ ጠዋት ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው።

አባቴ ፊት ጎበዝ ለመሆን ፈለግሁ። ተነሥቼ ሄድኩ። ቢሾፑ ቁልፍ ተጭነው አትሮንሱን በሞተር ዝቅ አደረጉልኝ።

«ሊያ መኮንን እባላለሁ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ቤተሰቤን እንደምወድ አውቃለሁ። ለፕሬዚዳንት የሚወዳደረው ጥቁሩ ሰውዬ ሙስሊም እንደሆነና እንደሚደብቀን አውቃለሁ። ብራዘር ሆሊስ ነግረውኛል፤ ጸልየው ደረታቸው ሞቋል። አክስቴ ዘሃራም ሙስሊም ናት። ስለዚህ መደበቅ የለበትም። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።»

ግማሹ ሕዝብ እንደ ልማዱ «አሜን» አለ፤ ግማሹ «አ» ብሎ ቀረ። አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ብራዘር ሆሊስ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ጆሮአቸው እስከ ጫፉ ቀልቷል። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። አባቴ ቀጥ ብሎ እኔን ነበር የሚያየው፤ የተቆጣው በእኔ እንዳልሆነ ፊቱ ይናገራል፤ በማን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ቤት ስንደርስ አክስቴ ዘሃራ ከሥራ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። እናቴ የሆነውን ስትነግራት መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ተወት አደረጋትና «እንዴ፣ እሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት?» አለች። «እኔን መኪና ያስተማሩት?»

አባቴ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንሥቶ አጠፈና የደረት ኪሱ ከተተው።

«ሊሰን ተዋቡ፣ ይሄ ነገር በቃ ይቅር። ለሰባት ዓመት ልጅ ፎርዋርድ የተደረገ ኢሜይል ሃይማኖት ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው ልጄን ውሃ ውስጥ አይዛትም።»

እናቴ ወደ ማጠቢያው ዞረች። ሩዝ ታጥብ ጀመረች፤ ውሃው ንጹሕ ከሆነ በኋላም ታጥበዋለች። የልደቴ ቀን፣ ነጩ ልብስ፣ ብራዘር ሆሊስ፣ ሁሉም ነገር አባቴ ኪስ ውስጥ ገባ። ሶፋው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እውነት የተናገርኩ መስሎኝ ነበር እኮ፤ የሚያውቅ ሰው ነግሮኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። ብራዘር ሆሊስ ናቸው፤ የጠዋቱን ክራባት እንኳ አላወለቁም። አባቴ በሩን ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ «ይግቡ» አላቸው፤ ሽማግሌ ደጅ ላይ ማቆም አይችልበትም።

የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሊያ፣ አንቺ አልዋሸሽም። የነገርኩሽን ነው የተናገርሽው። የነገርኩሽ ነገር ግን ውሸት ነው።»

«ጠዋት እውነት ነበር» አለ አባቴ። «ከሰዓት እንዴት ውሸት ሆነ?»

«ጠዋትም አላውቅም ነበር፣ ብራዘር ደስታ። ያን እጩ አልወደውም። ኢሜይሉን ሳነብ ደረቴ ሞቀ። የጸሎት መልስ ነው ብዬ ያዝኩት። ዛሬ እሷ ስሜን ጠርታ ስትናገር ደግሞ ያው ቦታ ሞቀኝ፤ ያኛው ሐፍረት ነበር።» ጉልበታቸውን አሹት። «ቁጣም ያሞቃል ለካ። በዚህ ዕድሜዬ አልለየሁትም።»

ኢሜይሉን ለአሥራ አንድ ሰው ልከውት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ከወጡ ጀምሮ ለእያንዳንዳቸው እየደወሉ የማላውቀውን ነው የላክሁት ብለዋል፤ ሰባቱን ጨርሰዋል፣ አራት ቀርቷቸዋል። ሁለቱ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ ዘግተውባቸዋል፤ አንደኛው የገዛ ወንድማቸው ነው። «በምርጫው ሐሳቤን አልቀየርኩም» ብለው ጨመሩ። «ማክሰኞ የሌላኛውን ነው የምመርጠው።»

«ይምረጡ» አለ አባቴ። «እኔ በማለዳ ሄጄ የእርስዎን ድምፅ አጠፋዋለሁ።»

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳቀ። አክስቴ ዘሃራ ግን አልሳቀችም። በኤርፖርት እንግሊዝኛዋ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው፦

«ኦኬ፣ ሰውየው ሙስሊም ቢሆንስ ኖሮ? እውነት ቢሆንስ? ታዲያ ምንድን ነው ጥፋቱ?»

ብራዘር ሆሊስ ወደ አክስቴ ዞሩ።

«አላውቅም» አሉ። «ያ ቃል እንደ ስድብ በሚነገርበት ቤት ነው ያደግሁት። አንቺን መኪና ሳስተምር አንድም ቀን ያ ቃልና አንቺ አንድ ላይ በሐሳቤ መጥታችሁ አታውቁም። አሁን መጥታችኋል። አስብበታለሁ።»

አክስቴ ውሃ ልትቀዳላቸው ተነሣች። «ዛሬ ጾም ነኝ» አሏት። «እስከ ስንት ሰዓት?» «እስከ እራት።» መስኮቱን አየችና ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ እንደቀራት ነገረቻቸው። ያን ቀን እሷ አትጾምም፤ ቢሆንም አጠገባቸው ተቀምጣ አብራ ጠበቀች። ሲመሽ ከረመዳን የተረፈ ቴምር በሳህን አመጣችላቸውና እሳቸው፣ እናቴና እሷ ከአንድ ሳህን በሉ። ቅሬታው አልለቀቃትም ነበር፤ ቴምሩን ስትሰጣቸው ግን ትልልቁን መርጣ ነው።

ከሄዱ በኋላ አባቴ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ሊያዬ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ብራዘር ሆሊስ እንዲያጠምቁኝ።»

«ተሳስተዋል እኮ።»

«አዎ። ነገሩኝ።»

አባቴ እስክሪብቶ አነሣ። «በታክሲዬ ስንት ሰው ጫንኩ» አለ ለእናቴ፤ «ተሳስቻለሁ ብሎ በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ ግን አላየሁም። የሰማንያ ቀኗ ጥምቀት በእኔ ዘንድ አይፋቅም። ይሄኛው የሷ ነው፣ ሶ ትሞክረው።» ሳይን አደረገና እስክሪብቶውን ወረወረው። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት እያማሰለች በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች።

ማክሰኞ ጥቁሩ እጩ አሸነፈ፤ አባቴ ጡሩንባ እየነፋ ሰፈሩን ዞረ። ሐሙስ ቢሾፑ ለብቻዬ ቢሮአቸው አስገቡኝና ቤተ ክርስቲያኗ እውነተኛ መሆኗን ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለዚህ ጥያቄ አዎ ነው የሚባለው። ደረቴን ጠበቅሁት።

«ገና አላውቅም» አልኩ። «ማወቅ ግን እፈልጋለሁ።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ሊያስወጡኝ ነው መሰለኝ። «እኔም በስምንት ዓመቴ እንዲሁ ነበርኩ» አሉ፤ «ግን አልተናገርኩም።»

ቅዳሜ ሆነ፤ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ነጭ ልብስ ለብሼ፣ ብራዘር ሆሊስም ነጭ ለብሰው፣ እንደ ትንሽ መዋኛ ያለችው ገንዳ ውስጥ ገባን። ውሃው ወገቤ ድረስ ነው፤ ለብ ያለ ነበር። ከመስታወቱ ማዶ ወንበሮቹ ላይ አባቴ፣ እናቴና ሻሿን ያሰረች አክስቴ ዘሃራ ከፊት ተቀምጠዋል። በገንዳው ግራና ቀኝ ሁለት ምስክሮች ቆመዋል። ሥራቸው ሰውነቴ በሙሉ መጥለቁን ማየት ነው፤ አንዲት ጣት እንኳ ከውሃው በላይ ከቀረች ይደገማል።

ብራዘር ሆሊስ ቀኝ እጃቸውን አነሡ፣ ጸሎቱን አሉ፣ ወደ ኋላ አስተኙኝ። ጆሮዬ ሞላ። ወዲያው ብድግ አደረጉኝ። ሁለቱም ምስክሮች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፒያኖዋ ፊት የተቀመጠችው ሴትዮ እጆቿን አነሣች። ብራዘር ሆሊስ እያለቀሱ ይስቁ ነበር፤ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ስጠልቅ ግን ግራ እግሬ አዳልጦኝ ተነሥቶ፣ የእግሬን ጣቶች የውጩ ብርድ ነክቷቸው ነበር። ያበጠው ልብሴ ከምስክሮቹ ከልሎታል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል፤ እናቴ መሐረቧን አውጥታለች፤ አባቴ ከስንት ክርክር በኋላ እዚያ ተቀምጧል። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። አልሞቀም፣ አልቀዘቀዘም፤ እርጥብ ብቻ ነው። ስለ እግሬ ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

«ብራዘር ሆሊስ፣ እግሬ ወጥቶ ነበር።»

ድምፄ ከግድግዳው ጋር እየተላተመ ሁሉም ጆሮ ደረሰ። ፒያኖ ተጫዋቿ አልጀመረችም።

«እኛ አላየንም» አለ በቀኝ ያለው ምስክር። «ደህና ነበር።»

ብራዘር ሆሊስ እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«እግሩ የሷ ነው» አሉት። «እሷን ነው የማምነው።»

እንደገና ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ከፊት ወንበር አባቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ኳስ ሜዳ ያለ ይመስል፣ በአማርኛ ጮኸ፦

«ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!»

እየሳቅሁ ስለጠለቅሁ ብዙ ውሃ ጠጣሁ።